ታብሌት ለሥራ ላፕቶፕን ይተካል? ከመግዛትዎ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ገደቦች

ለሥራ የሚሆን ኮምፒውተር ሊገዛ ገንዘብ የቋጠረ ሰው ሱቅ ሲገባ ልቡ ለሁለት መከፈሉ አይቀርም። ታብሌቱ ቀላል ነው፤ ስክሪኑ ያምራል፤ ባትሪው ቶሎ አያልቅም። ሻጩ ኪቦርድ ገጥሞበት «ይኸው ላፕቶፕ ሆነ» ይላል። አጠገቡ ያለው ላፕቶፕ ደግሞ ወፍራምና ከባድ፣ ብዙ ጊዜም ያገለገለ ነው። ዓይን ወደ ታብሌቱ ቢያደላ የሚያስገርም አይደለም።

ይህ መመሪያ ያ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት እንዲያነበው የተጻፈ ነው። በእኔ እምነት ምርጫውን የሚወስነው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሥራዎ ከማን እጅ ይመጣል፣ ወደ ማንስ እጅ ይሄዳል? ከእርስዎ ተነሥቶ በእርስዎ የሚያልቅ ሥራ ታብሌት ላይ ያለ ብዙ ችግር ይሠራል። ከሌላ ሰው ኮምፒውተር መጥቶ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር የሚመለስ ሥራ ግን ታብሌት ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል። ሰዎች ታብሌት ገዝተው የሚጸጸቱት በአብዛኛው ይህን ሳያስቡ በፍጥነትና በመልክ ስለመረጡ ነው።

ፍጥነት መለኪያ አይሆንም

አፕል ኤም4 የተባለውን ፕሮሰሰር (የዕቃው አንጎል የሆነውን ክፍል) ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 በአይፓድ ፕሮ ውስጥ ነው። የማክ ኮምፒውተሮች ያገኙት ከወራት በኋላ ነበር። ስለዚህ ውድ ታብሌት ቀርፋፋ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ሆኖም ያው አይፓድ ከ10 ዓመት በፊት የተሠራ የዊንዶውስ ላፕቶፕ የሚያስኬደውን የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም ማስኬድ አይችልም። ምክንያቱ አቅም ማነስ ሳይሆን ፕሮግራሙ ለዚያ ሥርዓት ያልተሠራ መሆኑ ነው። የአይፓዱ ሥርዓት አይፓድኦኤስም ሆነ አንድሮይድ የሚያስኬዱት ለራሳቸው የተዘጋጁ መተግበሪያዎችን ነው፤ ለዊንዶውስ የተጻፈ ፕሮግራም በእነሱ ላይ አይጫንም።

አምራቾቹ ክፍተቱን ለማጥበብ ብዙ ደክመዋል። ሳምሰንግ ዴክስ የሚለውን የኮምፒውተር መልክ ያለው ገጽታ እ.ኤ.አ. በ2017 አስተዋወቀ። አፕል በ2020 ለአይፓድ የማውስና የትራክፓድ ድጋፍ ሰጠ፤ በ2022 ብዙ መተግበሪያዎችን በአንድ ስክሪን የሚያሠራውን ስቴጅ ማናጀርን ጨመረ፤ በ2025 ባወጣው አይፓድኦኤስ 26 ደግሞ መስኮቶችን እንደ ኮምፒውተር ማስፋትና ማጥበብ ተቻለ። እነዚህ እውነተኛ መሻሻሎች ናቸው። ነገር ግን የተሻሻለው መስኮቱ ነው፤ በመስኮቱ ውስጥ የሚከፈተው ፕሮግራም አሁንም የታብሌት መተግበሪያ ነው። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የኮምፒውተር መልክ ሲያይ የኮምፒውተር ፕሮግራም ያለ ይመስለዋል።

ከሌላ ሰው የሚመጣው ፋይል

ከዋናው መሥሪያ ቤት የበጀት መከታተያ የኤክሴል ፋይል በቴሌግራም ተላከልዎ እንበል። ታብሌቱ ይከፍተዋል። ቁጥሮቹ አሉ፣ ቀለሞቹ አሉ፣ ድምሩም ትክክል ነው። ከላይ በኩል «ሪፖርት አውጣ» የሚል ቁልፍ ይታያል። ሲነኩት ሪፖርት አይወጣም። ደግመው ሲነኩት ቁልፉ እንደ ሥዕል ይመረጥና በዙሪያው ትናንሽ ክቦች ይወጣሉ፤ ሪፖርቱ ግን የለም። ያ ቁልፍ የሚሠራው ማክሮ በሚባል በፋይሉ ውስጥ በተቀመጠ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የኤክሴል የአይፓድና የአንድሮይድ መተግበሪያ ማክሮ ያለበትን ፋይል ከፍቶ ያሳያል፣ ቁጥር እንዲለውጡም ይፈቅዳል፤ ማክሮውን ግን አያስኬድም። ምንም የስሕተት መልእክት ስለማይመጣ አንዳንድ ሰው ፋይሉን የላከውን ክፍል ይወቅሳል።

መረጃው በማይክሮሶፍት አክሰስ የተዘጋጀ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከመነሻው ያበቃል፤ አክሰስ ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ነው። በኤክሴል ውስጥ ከብዙ ምንጭ መረጃ እየሳበ የሚያጣራው ፓወር ኩዌሪም በታብሌቱ መተግበሪያ ላይ የለም።

እዚህ ላይ ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁትን የክፍያ ጉዳይ ላንሳ። ማይክሮሶፍት ወርድና ኤክሴልን በነጻ እንዲያርሙ የሚፈቅደው ስክሪናቸው 10.1 ኢንች ወይም ከዚያ በታች በሆኑ ታብሌቶችና ስልኮች ላይ ነው። ስክሪኑ ከዚያ ከበለጠ ፋይሉን ለማረም የማይክሮሶፍት 365 ክፍያ ይጠየቃል። «ለሥራ ይመቸኛል» ብሎ ባለ 11 ወይም ባለ 13 ኢንች ታብሌት የሚገዛ ሰው ይህን ወጪ በሒሳቡ ውስጥ ማስገባት አለበት።

የሒሳብ ባለሙያ ከሆኑ ደግሞ ብዙ መመራመር አያስፈልግዎትም። በኢትዮጵያ ብዙ ድርጅቶች ሒሳባቸውን የሚይዙት በፒችትሪ ነው። ማሠልጠኛ ተቋማት ያስተምሩታል፤ የሥራ ማስታወቂያዎችም ችሎታውን ይጠይቃሉ። አምራቹ ስሙን ሴጅ 50 ብሎ ከለወጠው ዓመታት ቢያልፉም እዚህ አገር የሚጠራው በድሮ ስሙ ነው። ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ኦዲተሩ የሚጠይቅዎት የመጠባበቂያ ቅጂም በዚያው ፕሮግራም ብቻ የሚከፈት ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ታብሌት ቢይዝ ደረሰኝ ፎቶ ለማንሣትና ሪፖርት ለማንበብ ይጠቅመዋል፤ መዝገብ ለመያዝ ግን አይሆነውም።

አማርኛን በተመለከተ

ይህ ክፍል በእንግሊዝኛ የተጻፉ የንጽጽር ጽሑፎች ውስጥ አይገኝም፤ ለእኛ ግን ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረን ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ፊደላትን በጋራ ቁጥር ወደሚለዩበት ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ከዚያ በኋላም ለረጅም ዓመታት፣ አማርኛ ይጻፍ የነበረው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ነው። እነዚህ ፎንቶች የአማርኛን ፊደል ቅርጽ የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ነው። ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ደብዳቤው በአማርኛ ይነበባል፤ ፎንቱ የሌለበት ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ይሆናል።

ላፕቶፕ ላይ መፍትሔው የደቂቃ ሥራ ነው፤ ፎንቱን ከባልደረባ በፍላሽ ይቀበላሉ፣ ይጭናሉ፣ ደብዳቤው ይነበባል። ታብሌት ላይ ግን ፎንት መጨመር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ ቢሳካ እንኳ እንደ መተግበሪያው ይለያያል። የቆየ መተዳደሪያ ደንብ፣ የሠራተኛ መመሪያ፣ የውል ናሙና ወይም የፍርድ ቤት ማመልከቻ ይዞ የሚሠራ ሰው፣ ለምሳሌ ጠበቃ፣ የአስተዳደር ሠራተኛ፣ ተርጓሚ ወይም የማተሚያ ቤት ሠራተኛ፣ እንዲህ ያለ ፋይል አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም ብሎ መዘጋጀት ይኖርበታል።

አጻጻፉም የራሱ ጉዳይ አለው። ብዙ ጸሐፊዎች የለመዱት ፓወር ግዕዝ የሚሠራው በዊንዶውስ ነው። ታብሌት ላይ አማርኛ በስክሪኑ ኪቦርድ ለመጻፍ ችግር የለም፤ በአንድሮይድ የጉግል ኪቦርድ አማርኛ አለው፤ ኪማን የተባለው ነጻ መተግበሪያም በአንድሮይድ፣ በአይፓድ፣ በዊንዶውስና በማክ ይገኛል። ጥያቄው የሚነሣው የብሉቱዝ ኪቦርድ ሲያገናኙ ነው። በስክሪኑ ላይ አማርኛ የሚጽፈው መተግበሪያ ከውጭ በተገናኘው ኪቦርድ ሲጻፍበት እንግሊዝኛ ብቻ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ቆመው አንድ አረፍተ ነገር በአማርኛ በዚያው ኪቦርድ ይጻፉ። «ሰላም» ብሎ ካልጻፈልዎ ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይሆንም። ሻጩ «ቤት ሲደርሱ ይስተካከላል» ቢልዎ አይቀበሉ።

በየሙያው

ለመሐንዲስ ነገሩ ሁለት መልክ አለው። የሕንፃ መንደፊያዎቹ ሬቪትና ኢታብስ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ለታብሌት የተሠራ ምትክ የላቸውም። አውቶካድ የታብሌት መተግበሪያ ቢኖረውም ሁለት ገጽታ ያለውን ሥዕል ለማየት፣ ለመለካትና መጠነኛ እርማት ለማድረግ ነው። በሌላ በኩል ግንባታው ቦታ ላይ አቧራና ጸሐይ ውስጥ ቆሞ ላፕቶፕ ዘርግቶ ሥዕል ማየት የማይሆን ነገር ነው። ፎርማኑን ጠርቶ የምሰሶውን ዝርዝር በጣት አስፍቶ ማሳየት የሚቻለው በታብሌት ነው። ቢሮ ውስጥ የሚነድፍ ላፕቶፕ ይግዛ፤ ሥራው ቁጥጥር የሆነና ንድፉን ሌላ ሰው የሚሠራለት ግን ታብሌት ቢይዝ ይጠቀማል።

ለመመረቂያ ጽሑፍ መረጃ የሚተነትኑ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ከኤስፒኤስኤስ ወይም ከስታታ አያመልጡም። ሁለቱም የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ናቸው። ሙያዊ ተርጓሚዎች የሚሠሩበት ትራዶስ ስቱዲዮም እንዲሁ ዊንዶውስ ይፈልጋል፤ አሜሪካም ሆነ አውሮፓ ሆነው ለትርጉም ድርጅቶች የሚሠሩ ወገኖች ይህን አስቀድመው ቢያውቁ መልካም ነው።

ፕሮግራም መጻፍ ለሚማሩ የምለውን አጠንክሬ እላለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ወጣት እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ፕሮግራም በኢንተርኔት ነጻ ትምህርት ይሰጣል። የትምህርቱን ቪዲዮ ታብሌት ላይ መከታተል ይቻላል። ነገር ግን የአንድሮይድ መተግበሪያ የሚሠራበት አንድሮይድ ስቱዲዮ ራሱ በአንድሮይድ ታብሌት ላይ አይጫንም፤ ኮምፒውተር ያስፈልገዋል፣ ያውም ቢያንስ 8 ጊጋ ባይት ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ያለው። አንድ ወላጅ ልጁ ፕሮግራም እንዲማር ብሎ አዲስ ታብሌት ከሚገዛለት ያገለገለ ላፕቶፕ ቢገዛለት ልጁን ብዙ ርቀት ያስኬደዋል። ይህን ያለ ምንም ጥርጣሬ ነው የምመክረው።

መምህር ከሆኑ፣ የተማሪን ወረቀት በፒዲኤፍ ተቀብለው በእስክሪብቶ የሚያርሙ ከሆነ፣ ታብሌት ከላፕቶፕ ይሻላል። ላፕቶፕ ላይ በማውስ ማረም እጅ ያደክማል፤ ታብሌት ላይ እንደ ወረቀት ይጻፍበታል። ሥዕል ለሚሥል፣ ብዙ ለሚያነብና ስብሰባ ላይ በእጁ ማስታወሻ ለሚይዝም ያው ነው። የሥራ ኃላፊ ሆነው ሥራዎ ማንበብ፣ ማጽደቅ፣ መፈረምና መልስ መስጠት ከሆነ ታብሌት በቂ ነው።

ላፕቶፕ የማይደርስበት ቦታ

የመስክ መረጃ መሰብሰብ ታብሌት ያለ ተቀናቃኝ የሚመራበት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጠያቂዎች መልስ የመዘገቡት በታብሌት ነው። ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራም ታብሌቶች ተዘጋጅተው ነበር፤ ቆጠራው ተላለፈ እንጂ። ኦዲኬ ኮሌክትና ኮቦኮሌክት የተባሉት የመጠይቅ መተግበሪያዎች ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ መጠይቁን ይሞላሉ፣ የቦታውን መገኛ ከሳተላይት ይይዛሉ፣ ፎቶ ያያይዛሉ፣ ከተማ ሲደርሱ ሁሉንም ይልካሉ። ካርታ ለሚሠሩም ኪውፊልድ የተባለው መተግበሪያ ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ፕሮግራም የተዘጋጀን ካርታ መስክ ይዞ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኦዲኬ ኮሌክትና ኮቦኮሌክት የሚሠሩት በአንድሮይድ ነው። ለመስክ ሥራ ብሎ አይፓድ የገዛ ሰው ከባልደረቦቹ ይለያል፤ መጠይቁን በኢንተርኔት ማሰሻ ለመሙላት ይገደዳል። ለመስክ አንድሮይድ ይግዙ፤ ውድ መሆን የለበትም፤ ጠንካራ ሽፋን ይኑረው። መረጃው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ የሚጸዳውና የሚተነተነው ግን በላፕቶፕ ነው። አጥኚ ቡድን ለእያንዳንዱ ጠያቂ ታብሌት፣ ለአስተባባሪው ደግሞ ላፕቶፕ ቢመድብ ሥራው ይሰምራል።

ስብሰባ፣ ማተሚያና ፍላሽ

የኢንተርኔት ስብሰባ ላይ የታብሌት ካሜራና ድምፅ ከብዙ ላፕቶፕ ይሻላል። ሰነድ ለማሳየት ሲሞክሩ ግን ችግር ይመጣል፤ በአብዛኛው ታብሌት የሚያጋሩት መላውን ስክሪን ነው። የራስዎን ማስታወሻ በአንድ መስኮት እያዩ ሌላውን መስኮት ብቻ ለሰዎች ማሳየት ላፕቶፕ ላይ ቀላል ነው፤ ታብሌት ላይ ግን የመጣልዎት የቴሌግራም መልእክት ሳይቀር ለሁሉም ሊታይ ይችላል። ከስብሰባ በፊት ማሳወቂያዎችን መዝጋት ልማድዎ ይሁን።

ከትልቅ ስክሪን ጋር ማገናኘትም እንደ ታብሌቱ ነው። ኤም1ና ከዚያ በኋላ የመጡ የኤም ፕሮሰሰሮች ያሏቸው አይፓዶች ተጨማሪ ስክሪንን እንደ ሁለተኛ ጠረጴዛ ይጠቀሙበታል። ዘጠነኛውና አሥረኛው ትውልድ ተራ አይፓዶች ግን ያንኑ ምስል ይደግማሉ እንጂ ሥራ አያሰፉም። ብዙ ርካሽ የአንድሮይድ ታብሌቶች በዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳቸው ጭራሽ ምስል አያወጡም። ሥልጠና የሚሰጥና በየአዳራሹ ከፕሮጀክተር ጋር የሚገናኝ ሰው ይህን በገመድ ሞክሮ ሳያይ መግዛት የለበትም።

ማተሚያስ? ታብሌት የሚያትመው በዋይፋይ ለሚገናኝ ፕሪንተር ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ጥግ ያለው በገመድ ብቻ የሚሠራ የቆየ ሌዘር ፕሪንተር የዊንዶውስ ድራይቨር (ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ይፈልጋል። ደብዳቤ አትሞ፣ አስፈርሞ፣ ማኅተም አስመትቶ፣ ስካን አድርጎ መላክ የዕለት ሥራው የሆነ ሰው በታብሌት ሲሠራ በየቀኑ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ይለምናል። ስካን ማድረግ ብቻ ከሆነ ግን ታብሌቱ በካሜራው ጥሩ አድርጎ ይሠራዋል።

ታብሌቶች ፍላሽና ውጫዊ ሃርድ ዲስክ በዩኤስቢ-ሲ ይቀበላሉ፤ አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ዲስክ ላይ አይፓድ መጻፍ አይችልም። ኤክስፋት በሚባለው ተደርጎ የተዘጋጀ ይሁን።

አንዳንዱ «በርቀት የቢሮዬን ኮምፒውተር እከፍታለሁ» ይላል። እንደ ኤኒዴስክ ባሉ መተግበሪያዎች ይቻላል፤ ሥራውም የሚሠራው ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ስለሆነ ፒችትሪም ማክሮም ይከፈታል። ነገር ግን መብራት በቢሮው መኖር አለበት፤ ኢንተርኔትም በሁለቱም በኩል። አንዱ ሲጎድል ሥራው ይቆማል። አንዳንዴ ለሚያስፈልግ ነገር መጠባበቂያ ይሁን እንጂ መተማመኛ ሊሆን አይችልም።

መብራት ሲጠፋ

ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚሠራ ሰው ታብሌት ያለው ብልጫ ትልቅ ነው፤ በቁጥር ላሳይ። ገበያ ላይ የሚሸጥ ባለ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ይይዛል። ኃይል ሲተላለፍ የሚባክነውን ስንቀንስ በእጅ የሚደርሰው ወደ 50 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። የአሥረኛው ትውልድ አይፓድ ባትሪ 28.6 ዋት ሰዓት ስለሆነ ያንን ፓወር ባንክ ይዘው አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይሞሉታል። የተለመደ ላፕቶፕ ባትሪ ከ45 እስከ 60 ዋት ሰዓት ነው፤ ያው ፓወር ባንክ አንድ ጊዜ ለመሙላት ይቸገራል። ከዚህም በላይ ብዙ ላፕቶፕ 45 ወይም 65 ዋት የሚያወጣ ፓወር ባንክ ይፈልጋል፤ ክብ ቀዳዳ ያላቸው የቆዩ ላፕቶፖች ደግሞ ከተራ ፓወር ባንክ ጋር አይገናኙም።

ስለዚህ ከላፕቶፕ ጋር ለመኖር የወሰነ ሰው በዩኤስቢ-ሲ የሚሞላ ይምረጥ። ሌንኖቮ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ቲንክፓድ ቲ480 ለምሳሌ በዩኤስቢ-ሲ ይሞላል፤ ከውስጠኛው ባትሪ በተጨማሪ ከኋላ የሚነቀል ሁለተኛ ባትሪ አለው፤ ራሙም በሁለት ቦታ ይጨመራል። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ መብራት ለጠፋበት ቀን የተሠራ ያህል ነው።

ሲም ካርድ የሚቀበል ታብሌት ስልክዎን ሆትስፖት እያደረጉ ባትሪውን ከመጨረስ ያድንዎታል። እዚህም ግን ጥንቃቄ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ የወጡት አይፓድ ፕሮና አይፓድ ኤር ሲም የሚቀበሉት በኢ-ሲም ብቻ ነው። ፕላስቲኩ ሲም ካርድ የሚገባበት ቀዳዳ የላቸውም።

ዋጋው ሲደመር

ታብሌት ርካሽ የሚመስለው ዋጋው ያለ ኪቦርድ ስለሚነገር ነው። በአሜሪካ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2025 ባለ 13 ኢንች አይፓድ ኤር ከ799 ዶላር ይነሣ ነበር፤ አፕል ለእሱ የሠራው ኪቦርድ 319 ዶላር ነበር። ድምሩ 1,118 ዶላር። በዚያው ጊዜ ማክቡክ ኤር ከ999 ዶላር ይጀምር ነበር፤ ራሙ 16 ጊጋ ባይት፣ ማከማቻው 256 ጊጋ ባይት ነበር። የአይፓዱ ራም 8፣ ማከማቻው 128 ነበር። ባለ 13 ኢንች አይፓድ ፕሮ ከኪቦርዱ ጋር ደግሞ 1,648 ዶላር ደረሰ። ክብደቱም ቢሆን አይፓድ ፕሮ ለብቻው 579 ግራም ሲሆን ኪቦርዱ ሲታከልበት ወደ ማክቡክ ኤር 1.24 ኪሎ ግራም ይጠጋል። «ቀላል ስለሆነ» የሚለው ምክንያት ኪቦርዱ ሲገጠም ብዙም አይቀረውም።

ያገለገለ ላፕቶፕ ለሚገዙ አሁን ዋናው ጥያቄ የፕሮሰሰሩ ትውልድ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው የኢንቴል ፕሮሰሰር በአብዛኛው ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ነው። ስሙን ማንበብ ቀላል ነው፤ አይ5-8350ዩ ከሆነ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 8 ስምንተኛ ትውልድ ማለት ነው፤ አይ5-1135ጂ7 ከሆነ 11ኛ። ከሰረዙ ቀጥሎ በ6 ወይም በ7 የሚጀምር ባለ አራት አኃዝ ከሆነ፣ ዋጋው ቢያጓጓም፣ ለዓመታት ሥራ አይግዙት።

ጥገናም ከዋጋው ጋር ይታሰብ። ለሥራ ተብለው የተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ማከማቻ)፣ ራም፣ ባትሪና ኪቦርድ ይቀየርላቸዋል፤ መርካቶና መገናኛ ባሉ ሱቆች መለዋወጫ የሚያገኝ ባለሙያ አይጠፋም። ታብሌት ሲሰበር ብዙውን ጊዜ ስክሪኑ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ፣ ባትሪው በማጣበቂያ ተይዞ ስለሚገኝ ጥገናው ከባድ ነው። ማከማቻውም አይጨመርም፤ አይፓድ የሚሞሪ ካርድ ቀዳዳ የለውም፤ አንድሮይዶች ውስጥ ያላቸውም የሌላቸውም አሉ። 64 ጊጋ ባይት ማከማቻ ያለው ታብሌት ለሥራ መግዛት አልመክርም።

ያገለገለ ታብሌት ሲገዙ ደግሞ ከሁሉ በፊት መቆለፉን ይመልከቱ። አይፓዱ የቀድሞ ባለቤቱን የአፕል አካውንት የሚጠይቅ ከሆነ ወይም ሲከፈት «በድርጅት የሚተዳደር» የሚል ጽሑፍ ካወጣ አይክፈሉ። አንድሮይድም ያለፈውን የጉግል አካውንት ሊጠይቅ ይችላል። ሻጩ ፊትዎ ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ያስጀምረው። ላፕቶፕ ላይ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው መቆጣጠሪያ) ውስጥ የይለፍ ቃል መኖር አለመኖሩን በዚያው ሰዓት ያረጋግጡ።

በመካከል ያለው ዕቃ

የማይክሮሶፍት ሰርፌስ ፕሮ ታብሌት ቢመስልም በውስጡ ያለው ዊንዶውስ ነው። ኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ከሆነ ፒችትሪም፣ የኤክሴል ማክሮም፣ ፓወር ግዕዝም ይሠሩበታል፤ በእስክሪብቶም ይጻፍበታል። ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው ያገለገለ ሰርፌስ ፕሮ ቢፈልግ አያጠፋም። ድክመቱ ሁለት ነው፦ ጭን ላይ ሲቀመጥ ማቆሚያው ይንሸራተታል፤ ሲሰበር ደግሞ ጥገናው እንደ ታብሌት ከባድ ነው። ኢንቴል ያልሆነ፣ የኳልኮም ፕሮሰሰር ያለበት ሰርፌስ ከሆነ አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞችና የፕሪንተር ድራይቨሮች እምቢ ሊሉ ስለሚችሉ ለመሥሪያ ቤት ሥራ ኢንቴሉን ይምረጡ።

ከመወሰንዎ በፊት

ያለፈውን ወር ሥራዎን መለስ ብለው ይመልከቱ። በኢሜይልና በቴሌግራም የመጡልዎትን ፋይሎች አንድ በአንድ ያስቡ፤ ከሁሉ የሚያስቸግረው የትኛው ነው? ማክሮ ያለበት ሰንጠረዥ፣ በድሮ ፎንት የተጻፈ መመሪያ፣ የፒችትሪ ቅጂ ወይም 3 ገጽታ ያለው የሕንፃ ንድፍ ሊሆን ይችላል። ያንን ፋይል የጓደኛ ታብሌት ላይ ከፍተው እስከ መጨረሻው ይሥሩት፤ አርመው፣ አስቀምጠው፣ ለላከልዎት ሰው መልሰው ይላኩና በእሱ ኮምፒውተር በትክክል መከፈቱን ይጠይቁት። እዚህ ድረስ ያለ ችግር ከተጓዘ ታብሌቱን ይግዙ። ካልተጓዘ ላፕቶፕ ነው የሚያስፈልግዎት።

ገንዘብዎ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነና ፈተናውን ማድረግ ካልቻሉ ላፕቶፕ ይግዙ፤ ታብሌት የሚሠራውን ብዙውን ሥራ፣ ምቾቱ ቢያንስም፣ ላፕቶፕ ይሠራዋል፤ በተቃራኒው ግን አይሆንም። ታብሌት አስቀድመው ካለዎት አይሽጡት፤ ለንባብ፣ ለስብሰባና መብራት ለጠፋበት ሰዓት ይቆይ፤ ዋናውን ገንዘብ ግን ያገለገለ ጥሩ ላፕቶፕ ላይ ያውሉት።

ዕቃውን ከውጭ የሚያመጣልዎ ዘመድ ካለ «ጥሩ ላፕቶፕ አምጣልኝ» ብለው ብቻ አይተዉት። ፕሮሰሰሩ ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ፣ ራሙ 16 ጊጋ ባይት ወይም የሚጨመር፣ ማከማቻው ኤስኤስዲ፣ ቻርጀሩ ዩኤስቢ-ሲ ይሁን ብለው ይጻፉለት። ስለ ኪቦርዱም ይንገሩት፤ ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከእስራኤል የሚመጡ ላፕቶፖች ዓረብኛ ወይም ዕብራይስጥ ቢጨመርባቸውም የላቲኑ ፊደል በቦታው ስላለ አማርኛ ለመጻፍ አያስቸግሩም። ከፈረንሣይ የሚመጣው ላይ ግን ኤ እና ኪው፣ ከጀርመን የሚመጣው ላይ ደግሞ ዋይ እና ዜድ ቦታ ተቀያይረዋል፤ ጣትዎ የለመደውን አማርኛ አጻጻፍ ስለሚያምታታ የአሜሪካ ወይም የእንግሊዝ ኪቦርድ ያለው ይፈልግልዎት።